በእጅ ያጠበቅኩት ኮኔክተር

ሪያድ ውስጥ ኢቃማ የሌለው ሠራተኛ የዕቃ ቦርሳ አይዝም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ባዶ እጁን መንገድ ላይ ቢያገኙት ዳቦ ሊገዛ የወጣ ወይም ከዘመድ ቤት የሚመለስ ሊመስል ይችላል። ከቦርሳው ፒንሳና ካቻቪቴ ከወጣ ግን ክርክር የለም፤ ያለ ፈቃድ ሲሠራ እንደዋለ ዕቃው ራሱ ይናገርበታል። ስለዚህ ቀለም ቀቢው ብሩሹን የሚሠራበት ቤት ጥሎት ያድራል፤ የቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን ከባለ ሱቅ ይዋሳል። እኔ የጥበቃ ካሜራ ገጣሚ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። በዚያን ጊዜ መሣሪያዬ አንዲት የጢም ምላጭና አሥር ጣቶቼ ብቻ ነበሩ። በዚህም እኮራ ነበር፤ የሚያኮራ ነገር የጠፋበት ሰው በምንም ይኮራል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። ካሜራው ያየውን ወደ መቅጃው የሚያደርሰው ኬብል ነው። ኬብሉን ስትልጡት መሃሉ ላይ አንዲት የመዳብ ሽቦ፣ በዙሪያዋ ነጭ ፕላስቲክ፣ ከዚያ በቀጫጭን ሽቦ የተጠለፈ መረብ፣ ከላይ ደግሞ ጥቁር ልባስ ታገኛላችሁ። በኬብሉ ጫፍ ላይ የምትገባው ትንሽ ብረት ኮኔክተር ትባላለች። የመሃሏን ሽቦና መረቡን ለየብቻ፣ ሁለቱንም አጥብቃ ካልያዘች ምስል የለም። እንግዲህ ኮኔክተር መምረጥ ማለት ይህን አያያዝ መምረጥ ነው። አንዷ ዓይነት በመጭመቂያ ፒንሳ የምትታሰር ናት፤ አንዴ ከተጨመቀች ቆርጠው ካልጣሏት በቀር አትላቀቅም። ሌላዋ እንደ ጠርሙስ ክዳን በእጅ የምትጠመዘዝ ናት። የመጀመሪያዋ ፒንሳ ትፈልጋለች፤ ያውም ረጅም ቀይ እጀታ ያለው፣ ኪስ የማይገባ ፒንሳ። ሁለተኛዋ ምንም አትፈልግም። ሃያውን ኪሴ ከትቼ ብሄድ ፖሊስ ቢያገኘው እንኳ ምን እንደሆነ አያውቀውም።

ሥራ የሚሰጠኝ ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ የካሜራ ዕቃ የሚሸጥ አንድ የመናዊ ነበር። ቁጡ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሐቀኛ ነው። ለሥራ በወጣሁ ቁጥር ሁለቱንም ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና በእጅ የምትጠመዘዘዋን በጣቱ ወደ ጎን ይገፋታል።

«ይቺ ለሪያድ ፀሐይ አትሆንም። ብረት ቀን ያብጣል፣ ማታ ይኮማተራል። ያላ፣ ፒንሳውን ውሰድ» ይለኛል።

«ፒንሳውን ይዤ ሹርጣ ቢይዘኝ ተርሒል ድረስ መጥተህ ታስፈታኛለህ?» እለዋለሁ።

ይስቃል። ሹርጣ ፖሊስ ነው፤ ተርሒል ደግሞ ሰው ወደ አገሩ እስኪባረር የሚታጎርበት ቦታ ነው፤ እዚያ ገብቶ በአንድ የመናዊ ምልጃ የወጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ኸላስ፣ እንደ ፈለግህ። ግን አጥብቀህ እሰር» ይለኛል። አጥብቄም አስር ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈራች ምን እንደምትሆን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሺፋ ሰፈር ያለውን ቤት የሠራሁት ሙቀቱ ገና ሳይበረታ ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ስምንት ካሜራ አዘዘ። ሰባቱ ለበር፣ ለግቢ፣ ለመኪና ማቆሚያ ነበሩ፤ ስምንተኛው ግን ከምድር ቤት ወደ ላይ ለሚወጣው ደረጃ ነበር። እናቱ አሮጊት ናቸው፣ ክፍላቸውም ታች ነው፤ እሳቸው ግን ጣራው ላይ ርግብ ያረቡ ስለነበር ደረጃ አይውጡ ቢባሉ አይሰሙም ነበር። «ሰባቱ ቢበላሹ ግድ የለኝም። የደረጃው ግን አደራህን» አለኝ።

ለደረጃው የዘረጋሁት ኬብል ጣራው ላይ ሲደርስ አንድ ክንድ ያህል አጠረኝ። ደህና ሠራተኛ ቢሆን ሌላ ረጅም ኬብል አምጥቶ እንደ አዲስ ይዘረጋል። እኔ ቁራጭ ኬብል ቀጠልኩበት፤ በሁለት የእጅ ኮኔክተር አያይዤ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬ፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን ባለች የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ምስሉ ቁልጭ ብሎ መጣ። ሰውየው ስልኩ ላይ እናቱን ደረጃው ሥር ቆመው ሲያያቸው ፈገግ አለ፤ እኔም ፈገግ አልኩ።

በዚያ ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። ኢቃማዋ የተሟላ፣ ካፊሏ፣ ማለትም ዋስ ሆኖ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ይኸው የቤቱ ባለቤት፣ አሮጊቷን የምታነሳና የምታስተኛ እሷ ነበረች። «ማማ ከቢራ» ትላቸው ነበር፤ እዚህ ትልቋን እመቤት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ሩዝ በዶሮ ትሪ ሙሉ አምጥታ አኖረችልኝና አንገቴ ላይ ያለውን ክር አየት አደረገችው።

«ወንድሜ፣ ክርስቲያን ነህ እንዴ? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለችኝ።

እኔ ቀኑን ከረሳሁ ቆይቻለሁ። እሷ ትሪውን ይዛ ተመለሰችና ዳቦ፣ ቴምርና ቲማቲም አመጣችልኝ። ራሷ ሙስሊም ናት፤ እኔ የረሳሁትን ጾሜን እሷ ጠበቀችልኝ። እየሳቅሁ በላሁ። ስወጣ «እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ» አልኳት፤ «አሚን፣ መንገድህ ሰላም ይሁን» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ክረምት እስኪገባ፣ የእኛን ክረምት ሳይሆን የእነሱን እሳት ማለቴ ነው፣ ስለዚያ ቤት አላሰብኩም።

አንድ ቀን የመናዊው ደወለልኝና በመኪናው መጥቶ ሱለይ ካለው መኖሪያችን ወሰደኝ። መንገድ ላይ ነገሩን ነገረኝ። አሮጊቷ በዋዜማው ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ከደረጃው ወድቀዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ጭንቅላታቸውም ተመቷል፤ ሆስፒታል ነው ያሉት፣ ሰው አይለዩም። ልጃቸው ምን እንደሆኑ ለማወቅ መቅጃውን ሲከፍት ሰባቱ ካሜራዎች ደህና ናቸው። የደረጃው ግን ከቀትር ጀምሮ ጥቁር ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው ተመልሶ በርቷል።

«መቅጃው የት ነው ያለው?» አልኩት፣ እያወቅሁ። ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት።

«ልጅቷ ልብስ የምትተኩስበት ክፍል» አለ የመናዊው። በሩ ላይ አውርዶኝ ፒንሳውንና የሚጨመቁትን ኮኔክተሮች ሰጠኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ።

የከፈተችልኝ እሷ ነበረች። ፊቷ አብጧል። ገና ስታየኝ ግን ዘመድ እንደ መጣላት ሰው ሆነች።

«ወንድሜ፣ እንኳንም አንተ መጣህ! ካሜራውን እዩት አልኳቸው። እኔ ወጥ ቤት ሾርባዋን እየሠራሁ ነበር፤ ድምፅ ስሰማ ነው ሮጬ የወጣሁት። ገፍታታለች ይላሉ፣ ደግሞ ካሜራውን ነቅላ ነው ይላሉ። እኔ የትኛው ሽቦ የየትኛው እንደሆነ በምን አውቄ? የጠፋውን ምስል አንተ ታወጣዋለህ አይደል?»

«እስኪ ልየው» አልኳት። የማይወጣ መሆኑን አውቅ ነበር። ካሜራው ያላደረሰውን መቅጃ ከየት አምጥቶ ያስቀምጣል?

ጣራው ላይ ስወጣ እግሬ በጫማዬ ውስጥ ተቃጠለ። ሳጥኗን በእጄ ልይዛት አልቻልኩም፤ በሸሚዜ ጫፍ ከፈትኳት። ፕላስተሩ ቀልጦ እንደ ሙጫ ሆኗል። ኮኔክተሯን ስነካት በጣቶቼ መሃል ዝም ብላ ዞረች። አንድም ነገር አልያዘችም። ጥርሷ ከመረቡ ተላቅቋል፤ ማታ ሲበርድ ትነካካውና ምስል ይመጣል፣ ቀን ሲግል ትሸሸውና ምስል ይጠፋል። የየመናዊው ቃል አንዲት ሳትጎድል እዚያ ነበረ። የሰው እጅ አልነካትም። የነካት እጅ ካለ የእኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ተንኮል አስቤ እንዳላደረግሁት እምላለሁ። ሠራተኛ የተበላሸ ነገር ሲያይ ያበጃል፤ እጄ ከልቤ ቀደመ። ሁለቱንም ኮኔክተሮች ቆረጥኩ፣ ኬብሉን ላጥኩ፣ አዲሶቹን በፒንሳው ጨመቅኳቸው። የተቆረጡትን ኪሴ ከተትኩ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በሕይወቴ ያን ያህል ያማረ እስር አስሬ አላውቅም።

ወርጄ መቅጃውን ከፈትኩና ችግሩ ከመቼ እንደ ጀመረ ለማየት ወደ ኋላ ሄድኩ። መቅጃው የሁለት ሳምንት ያህል ይይዛል፤ ሲሞላ የጥንቱን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀዳል። በየቀኑ በቀትር የደረጃው ምስል ይጠፋ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሩብ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን አራት ሰዓት ሙሉ። ባለቤቱ ቀን ሥራ ላይ ነው፣ ስልኩን የሚያየው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ ምስሉ ደህና ነው። ይህ ብቻውን ለልጅቷ አይረዳትም፤ «ስትለማመድ ኖሯል» ሊሉ ይችላሉ። የመጨረሻው፣ ማለትም ከሁሉ የጥንቱ ሙሉ ቀን ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ቤቱ ባዶ ነበር። መኪና የለም፣ በር ላይ ጫማ የለም፣ ግቢው ውስጥ ነፋስ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚያ ቀን ማታ ቤተሰቡ መካ ከሄደበት ዑምራ ሲመለስ ይታያል፤ አሮጊቷ ከጉዞው ድካም በተሽከርካሪ ወንበር፣ ልጅቷ ሻንጣ ተሸክማ ከኋላ። በዚያው ቀን በቀትር፣ ቤቱ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ሳይኖር፣ የደረጃው ካሜራ ጠፍቶ ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ልጅቷን ነፃ የሚያወጣት ነገር እፊቴ ተቀምጧል። ነገ ልክ በቀትር መቅጃው በዚያ ላይ ይቀዳበታል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ይህን የሚያውቅ በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለቤቱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሌሊቱን ሆስፒታል እንዳደረ ዓይኑ ይናገራል። ያም ሆኖ ሰላምታውን አልረሳም።

«ያ ሰዲቅ፣ ወዳጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ። «በራሱ ነው የጠፋው ወይስ የሰው እጅ ነው?»

መልሱ ሦስት ቃል ነበር፤ «የእኔ ኮኔክተር ነው» ማለት ብቻ። በዚያች ቅጽበት ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ጥፋቱ የአንተ ከሆነ አንተ ማን ነህ ይለኛል። ኢቃማህን አሳየኝ ይለኛል። ስልክ ያነሳል። ከእኔ ጋር ከሚኖሩት ሁለቱ በዚያው ወር ተይዘው ሄደዋል፤ ልብሳቸው ገና ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«አሁን ደህና ነው፣ ያ ዓሚ፣ አጎቴ። ሁሉም ይሠራል» አልኩት።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ወላሂ አላውቅም» አልኩ። በአምላኩ ስም በሐሰት የማልኩለት ሰው እናቱ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እሱ ወደ ማሳያው ጠጋ ብሎ ደረጃውን አየ። እንደ መስታወት የጠራ ነው። ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ።

«ኬብሉ ደህና ከሆነ እንግዲያው እጅ ነው። ነገ ከዙህር በኋላ ሹርጣ እጠራለሁ፤ እነሱ ይጠይቋት» አለ።

በሥራዬ የሚመሰክርብኝን ነገር ሳጠፋ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ጥሩ አድርጌ መሥራቴ በእሷ ላይ ምስክር ሆነ። ያበጀሁት እስር «ምንም አልነበረውም» እያለ ይናገር ነበር። ይህ የገባኝ ፒንሳውን አንስቼ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ነው። እሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አየህ፣ ወንድሜ?»

«አላህ ያውቃል፣ እህቴ። አይዞሽ» አልኳት።

ቀዝቃዛ የላስቲክ ውኃ ይዛልኝ ነበር፤ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ሊወስደኝ በተመለሰው የመናዊ መኪና ውስጥ ገብቼ ውኃውን አንድ ጊዜ ሳላቋርጥ ጠጣሁት፤ ጠምቶኝ ነበር። ይህን ሳስታውስ ከሁሉ ይልቅ በውኃው አፍራለሁ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶቻችን። ዝም ካለው ሰው ጋር አድረው አያውቁም መሰለኝ፤ ይነቅዛል። ጠዋት ተነሥቼም ጀግና አልሆንኩም። ፊቴን ስታጠብ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር፤ ፖሊስ ጠይቆ ይለቃታል እላለሁ፣ አሮጊቷ ነቅተው ይናገራሉ እላለሁ፣ ኢንሻአላህ እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እላለሁ፤ ጥሩ ተረት ነው፣ ግን መቅጃው እስኪጠራ አይጠብቅም። ሰዓቴን አየሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። አሁን ባዶው ግቢ ላይ ፀሐይ የወጣበት ምስል ጠፍቷል ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ የአራት ሰዓቱ ተራ ነው። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ።

ሱወይዲ ሄጄ ለየመናዊው ሁሉንም ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ስሙም ሱቁም እንደሚነሳ ያውቃል። ፒንሳውን ከነካርቶኑ ገፋልኝ።

«ሂድ። እንደ ሰው ይዘኸው ሂድ» አለኝ።

በጥቁር ፌስታል ይዤው ታክሲ ገባሁ። ቀይ እጀታው ከፌስታሉ ወጥቶ ይታይ ነበር፤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሹርጣ ሁለት ጊዜ በአጠገባችን አለፈ። ማንም ዞሮ አላየኝም።

ሺፋ ስደርስ ለቀትር ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ባለቤቱን በሩ ላይ አገኘሁት። ሰላም እንኳ ሳልል «ያ ዓሚ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ። ና፣ ሳይጠፋ እይ» አልኩት። ወደ መተኮሻው ክፍል ገባን። ሚስቱ ድምፅ ሰምታ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች፤ ልጅቷ ብርድ ልብስ ይዛ ከኋላዋ ቆመች። የዚያን ባዶ ቀን ቅጂ ከፈትኩ። ባዶውን ግቢ አሳየሁት። የተዘጋውን በር አሳየሁት። ከዚያ ደረጃውን ከፈትኩና ጠበቅን። ምስሉ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠቆረ። ሌሎቹ ሰባቱ ካሜራዎች ባዶውን ቤት እያሳዩ ቀጠሉ።

«ያን ቀን እኛ መንገድ ላይ ነበርን» አለ ለራሱ። «ሁላችንም።»

የተቆረጡትን ሁለት ኮኔክተሮች ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አደረግኩለት። በጣቱ ቢነካካቸው አንዷ ከኬብሉ ቁራጭ ላይ ወደቀች። ምስሉን ስልኩ ላይ ቀዳሁለት። ከዚያ የሚተኮሰው ልብስ ክምር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ሽማጉን፣ የራስ መጠምጠሚያውን፣ ፊቱ ላይ አደረገ።

«ለምን ትናንት?» አለ ከውስጡ።

«ኢቃማ የለኝም» አልኩት።

«ዙልም ልታሠራኝ ነበር» አለ። ዙልም በደል ነው፤ የማይካስ በደል። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ ወደ ልጅቷ ዞረና በዓረብኛ ይቅርታ ጠየቃት፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሚስቱ ፊት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። እኔን «ሁሉንም ቀይራቸው፣ አንድም እንዳይቀር» አለኝና ወደ ሆስፒታል ሄደ። ስለ ወረቀቴ ያን ቀንም ከዚያ በኋላም አንድ ቃል አልተነፈሰም። እናቱ ከሳምንት በኋላ ሰው መለየት ጀምረው፣ ለርግቦቹ ውኃ ልሰጥ ስወጣ እግሬ አዳለጠኝ ማለታቸውን ከየመናዊው ሰማሁ።

አሥራ ስድስት ኮኔክተር ነበረ የቀረው። ልጅቷ በየሄድኩበት ተከተለችኝ፤ በር ላይ፣ ግቢ፣ መኪና ማቆሚያ። አንዱን ስጨርስ ጠጋ ብላ ኬብሉን ያዝ አድርጋ ትስበዋለች። አልላቀቅ ሲላት ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የመጨረሻዋን ስባ ስትጨርስ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ማታ ሻንጣዬን አስሬ ነው ያደርኩት» አለች። «እናቴ ጋ ደውዬ፣ ስልኬ ከተዘጋ አትደንግጪ አልኳት። ምን ሆነሽ አለችኝ፣ ምንም አልኳት። አላህ ያውቃል አልከኝ አንተ። አላህማ ያውቃል፤ እኔ የጠየቅሁት አንተን ነበር።»

ፒንሳውን ወደ ፌስታሉ መለስኩ። ወደ መተኮሻው ክፍል ገብቼ የመጨረሻውን ፍተሻ ጀመርኩ፤ ስምንቱም ምስል ማሳያው ላይ ተደርድሯል። ከኋላዬ መቆሟን ትታ ወጣች። ቆይቶ ስምንተኛው ምስል ውስጥ ስትገባ አየኋት። አሮጊቷ የወደቁበት ደረጃ ላይ ደርሳ ቆመች፣ ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገች፣ ቀና ብላ ካሜራውን አየች።

«እታያለሁ?» አለች ከዚያ ሆና።

«ትታያለሽ» አልኩ።

«ፊቴም?»

«ፊትሽም።»

እህቴ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። እንደገና ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደገና መለስኩላት። አራት ጊዜ ጠየቀችኝ። አራት ጊዜም አላመነችኝም፤ በመጨረሻ ራሷ መጥታ፣ እኔን ከማሳያው ፊት ፈቀቅ አድርጋ፣ ቅጂውን ወደ ኋላ መልሳ እዚያ መቆሟን በዓይኗ አየች።